ውድቀት ያልኸው ምዕራፍ

መካነ ኢየሱስ
መጋቢት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ሰውነት፣

ደኅንነትህን በወጉ ልጠይቅህ ብዕሬን አነሣሁና ወዲያው ብድግ ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ። ተመልሼ ደግሞ ከፈትሁት። ሰሞኑን እንዲህ ነኝ፤ ተቀምጬ መቆየት አቅቶኛል። ደብዳቤዬ እየዘለለ ቢመጣብህ ልቧ ነው በልና ታገሠኝ። እኛ በሕይወት አለን። ናትናኤል አድጓል፤ ሰማያዊ ሹራብህን እጅጌውን አጥፎ ይለብሰዋል፣ በሚመጣው ዓመት ማጠፍ አያስፈልገውም። እናትህ እማሆይ ወለተ ሚካኤል ከደብራቸው ከቤተ ልሔም መጥተው ከእኛው ጋር ናቸው። ጉልበታቸው እንጂ አንደበታቸው አልደከመም። አንተስ እንዴት ከረምህ? ሳልህ ለቀቀህ ወይ?

ኔትወርክ ከጠፋ ሰንብቷል። የመጨረሻው መልእክትህ የደረሰኝ ደመቀ ለጉዳይ ደብረ ታቦር ሲሄድ ስልኬን ይዞልኝ ሄዶ ነው። ደመቀን መቼም አትረሳውም፤ ያ ፊዚክስ የሚያስተምረው ጓደኛህ። በመልእክትህ ሁለት ነገር ጠይቀኸኛል። አንዱ፣ ከታኅሣሥ በፊት ስለ ካስፓር ሮትማት ጽፈህ የላክህልኝን የመጨረሻ ምዕራፍ አንብቤ የሚሰማኝን እንድነግርህ። ሌላው፣ ቪዛው ተፈቅዶልን ሳለ እኔና ናትናኤል በቀጠሯችን ቀን አዲስ አበባ ለምን እንዳልተገኘን። የመጀመሪያው ይቀለኛልና ከእሱ ልጀምር።

ዙሪክ ላይ በጀርመንኛ የምትጽፈውን ለእኔ በአማርኛ እያሳጠርህ ስትልክልኝ አራት ዓመት ሆነህ። ለሌላው ሚስት ሽቶ ይላክላታል፣ ለእኔ ከመቶ ዓመት በፊት የሞተ የስዊዘርላንድ ፖለቲከኛ ተላከልኝ እያልሁ አልማዝን አስቃታለሁ። አልማዝ አንተ ከሄድህ በኋላ የመጣች የእንግሊዝኛ መምህርት ናት፤ አሁን ጎረቤቴም ጓደኛዬም እሷ ናት። እውነቱን ለመናገር ግን ካስፓርን ለምጄዋለሁ። የሩቅ ዘመዴ ሆኗል።

እንደ ገባኝ ልድገምልህ፣ ከሳትሁ ታርመኛለህ። የከብት አርቢ ልጅ ነው። ከተማ ወርዶ ተማረና መምህር ሆነ። ሊበራል የሚባሉት ወጣቶች የድሮ ጌቶችን ሲያወርዱ አብሯቸው ተነሥቶ ገና ጎልማሳ ሳለ በካንቶኑ፣ እኛ ክልል እንደምንለው፣ ምክር ቤት ወንበር ያዘ። የትምህርት ሕጉን የጻፈው እሱ ነው፤ የገበሬ ልጅ ሁሉ ይማር፣ መምህሩንም ካህኑ ሳይሆን ሕዝቡ ይቅጠረው ብሎ። ምላሱ ስለት ነበር። ተራራ ላይ የነበረውን የሴት መነኮሳት ገዳም «የጨለማ ጎተራ» ብሎ ሰደበውና በአዋጅ አዘጋው። ገዳሙ ውስጥ ግን የተራራው ልጃገረዶች ፊደል የሚቆጥሩበት ትምህርት ቤት ነበር፤ እሱም አብሮ ተዘጋ። ከዚያ ካንቶኖቹ ለሁለት ተከፍለው ተዋጉ፣ የካስፓር ወገን አሸነፈ፣ አዲስ ሕገ መንግሥት ወጣ። ሚኒስትር ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ እሱ ተራራውን ሊያይ ወጣ። ልጃገረዶቹ ሳይማሩ ማደጋቸውን አይቶ ተመለሰና በገዛ ጓደኞቹ ፊት ቆሞ፣ «ብርሃን ይግባ ብዬ በር ዘጋሁ። ክፈቱት። እማሆዮቹም ያስተምሩ፣ የእኛም መምህር አጠገባቸው ያስተምር» አለ። ከሃዲ አሉት። በሚቀጥለው ምርጫ የገዛ ከተማው ጣለው። መጻሕፍቱን በበቅሎ ጭኖ እዚያው ተራራ ላይ ወጣና እስኪሞት ድረስ ልጅ ሲያስተምር ኖረ።

አንተ ይህን «የውድቀት ዓመታት» ብለህ ሰየምኸው።

ሳነበው ተናደድሁ። አልማዝ፣ «ለማታውቂው ፈረንጅ ምን አናደደሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም በዚያን ጊዜ አላወቅሁትም ነበር። አሁን ግን የሆነውን ስነግርህ ይገባሃል።

ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ትምህርት ቤታችን እንደ ተዘጋ ነው። በታኅሣሥ፣ ውቂያው እንዳለቀ፣ ይስማው መጣ። ይስማው የማህሌት አባት ነው። አንተ ስትሄድ ማህሌት ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ ሒሳብ ሳስተምር እኔ ሰሌዳው ላይ ሳልጨርስ እሷ ከመቀመጫዋ የምትጨርስልኝ ልጅ። ይስማው ዱላውን በሁለት እጁ ጨብጦ በር ላይ ቆመ፣ ግቡ ብለው አልገባም አለ።

«ልድራት ነው መምህርት» አለኝ።

«ምነው ቸኮሉ ጋሼ ይስማው?»

«እኔ አልቸኮልሁም፣ ዘመኑ ነው የቸኮለ። ልጅቱ ቤት ከዋለች ሁለተኛ ዓመቷ። ሳይጠይቅ ከሚወስዳት ጠይቆ የሚወስዳት ይሻለኛል። ሽማግሌዎቹ ለጥር ቀጥረውኛል። አንቺ ትምህርት አለ ካልሽኝ ግን እመልሳቸዋለሁ።»

«አለ» አልሁት።

ከአፌ አመለጠኝ፣ ሰውነት። ምን ይዤ እንደ ተናገርሁ አላውቅም። «የት?» አለኝ ዓይኑን አጥብቦ። «ለገና ይመለሱ፤ እነግርዎታለሁ» አልሁት። እሱ ሲሄድ እኔ ግቢውን መዞር ጀመርሁ። እናትህ ከደጃፉ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘው ያዩኛል። በመጨረሻ፣ «ልጄ፣ መሬቱን ልታርሺው ነው?» አሉኝ።

ከደመቀና ከአልማዝ ጋር መከርን። የትምህርት ቤቱ በር ቁልፍ ነው። የሰው ቤት ብንሰበሰብ ባለቤቱን እናስጠረጥራለን። ከተማውን የያዘው መንግሥትም ገጠሩን የያዘው ታጣቂም ደፍሮ የማይገባበት አንድ ግቢ ብቻ ቀረ፤ ደብሩ። የደብሩ አለቃ ደግሞ መርጌታ ይስሐቅ ናቸው። ደመቀ ስማቸውን ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ። አንተ የወረዳው ምክር ቤት አባል ሳለህ፣ የአብነት ተማሪዎች መደበኛ ትምህርት ካልገቡ ከተማ ውስጥ እንዳይለምኑ ይከልከሉ ብለህ የተናገርኸውን ማንም አልረሳውም። ያን ዕለት አዳራሹ አጨበጨበልህ። እኔም አጨብጭቤልሃለሁ።

ብቻዬን ሄድሁ። መርጌታ ከቅኔ ማኅሌቱ ወጥተው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ባልሽ ደኅና ነው?» አሉኝ።

«ደኅና ነው መርጌታ።»

«ልጆቼን ለማኝ ያላቸው ዕለት በር ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። ይህን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ዛሬ ሚስቱ ከደጄ ምን ትሻለች?»

«የሰንበቴ ቤቱን» አልኋቸው። «ሰንበቴ በሌለበት ቀን፣ ከቅዳሴ በፊት ባለው ሰዓት፣ ልጆች ላስተምርበት።»

አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አስደገፉ። እኔም ስለ ካስፓር አወራኋቸው። አትሳቅ፤ ከበረቱ እስከ ተራራው ሙሉውን ነገርኋቸው። በመሀል አንድ ጊዜ ብቻ፣ «እማሆዮቹ የት ደረሱ?» ብለው ጠየቁኝ። አንተ ስላልጻፍኸው አላውቅም አልኋቸው። ስጨርስ፣ «እንግዲህ ንስሐ ገብቶ ነው የሞተ በይኛ» አሉ።

«ንስሐ አይመስለኝም መርጌታ። ልጅ ሁሉ ይማር እንዳለ ነው የሞተ። የለወጠው መግቢያውን ነው።»

መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። ከዚያ፣ «ቁልፉን ከዕቃ ቤቱ ውሰጂ» አሉ። «ግን ከከተማውም ከገጠሩም ቃል አምጪልኝ። በቅጥሬ ውስጥ ደም አልሻም።»

የከተማው ቀላል ነበር። አንድ ሹም ወረቀቱን እያገላበጠ፣ «እኔ አልፈቀድሁም፣ አላየሁምም» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ፈቃድ አይገኝም ብለን ወጣን። ለገጠሩ እናትህ አብሬሽ ካልሄድሁ አሉ። በስማዳው መንገድ ቁልቁል ወርደን፣ የገብስ ክምር አጠገብ፣ ጠመንጃ የያዙ ልጆች አስቆሙን። አለቃቸው ሲቀርብ አወቅሁት፤ ያስተማርሁት ልጅ ነው። እሱም አወቀኝና አፈረ። ስሙን አልጽፈውም።

«ቲቸር ሀና፣ ማን ላከዎት?»

«የይስማው ልጅ። ልትዳር ነው።»

ሊስቅ ቃጣውና ተወው። «ትምህርት ተጀመረ ከተባለ፣ አገሩ ሰላም ነው ይባልብናል። ሌላው የሚሞተው ለምንድን ነው ታዲያ?» አለኝ።

ለእሱ ጥያቄ ዛሬም መልስ የለኝም። እናትህ ግን ቀደም አሉና፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ ፊደል ሳልቆጥር ነው የመነኰስሁ። ሌላው ዳዊት ሲደግም እኔ እሰማለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ በራሴ ዓይን አላነበብሁትም። አንተ ይህች ያስተማረችህን ለእኅትህ የምትነፍጋት በየትኛው ሕግ ነው?» አሉት። ልጁ መሬት መሬት አየ። ከጓደኞቹ ጋር ተንሾካሾከና ተመለሰ። «ደወል አይደወል። ዩኒፎርም አይለበስ። ስም አይመዝገብ። ሌላውን አልሰማሁም» አለን። ስንሄድ ከኋላዬ፣ «ቲቸር፣ ማህሌትን ሰላም በሉልኝ» አለ። እኔም አልሰማሁም።

በጥር መጀመሪያ ጀመርን። ይስማው ልጁን ራሱ ይዟት መጣ፣ ሰንበቴ ቤቱን ከውስጥ ከውጭ ዞሮ አየው፣ ሽማግሌዎቹንም መለሰ። መጀመሪያ ጥቂት ነበሩ። ከዚያ ከገጠር ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው የሚመጡ በዙና መሬት ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። የአብነት ተማሪዎቹ መጀመሪያ በመስኮት ያዩ ነበር፣ ኋላ ገቡ። አንዳንድ ቀን መርጌታ ራሳቸው ከኋላ ተቀምጠው አካፍዬ ተረፈ ሲወጣ ያዩና፣ «ይህማ ባሕረ ሐሳብ ነው» ብለው ተነሥተው ያስተምራሉ። ማህሌት ዘንድሮ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በግል ተመዝግባ ደብረ ታቦር እንድትቀመጥ እየሠራን ነው።

እንግዲህ ሰውነት፣ ያ ሰው ተራራ ላይ ያሳለፋቸውን ዓመታት ውድቀት አትበላቸው። ምክር ቤት መቀመጥ ከፍታ፣ ልጅ ማስተማር ዝቅታ የሆነው በማን ሚዛን ነው? አንተ እንዲህ አታስብም ነበር። ወይም ታስብ ኖሮ እኔ ነኝ ያላወቅሁት።

ብድግ ብዬ ነበር፤ ተመለስሁ። ናትናኤል ጫማውን እያጸዳ ነው።

ሁሉም መልካም ሆነ ብዬ እንዳልተወው ደግሞ የካቲት መጣ። አንድ ማለዳ ትምህርት ላይ ሳለን ከደብሩ በታች ተኩስ ተከፈተ። ልጆቹን ወለሉ ላይ አስተኛኋቸው። እኔ ማን ላይ እንደ ተኛሁ ያወቅሁት ሲያበቃ ነው፤ ማህሌት ላይ ነበር። ናትናኤል ግድግዳው ሥር ብቻውን ተኝቶ ያየኝ ነበር። በግቢው ውስጥ ማንም አልተነካም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ውጭ ግን ሰው ወድቋል። በሳምንቱ ደመቀ፣ «ሀና፣ ልጆች አሉኝ» ብሎ ቤተሰቡን ይዞ ደብረ ታቦር ገባ። አልፈረድሁበትም። አሁን ፊዚክሱንም እኔ ነኝ የማስተምረው፣ እያነበብሁ።

ከዚያ ወዲህ ናትናኤል ጥያቄ አበዛ።

«እማ፣ አባዬ ያለበት አገር ሲተኮስ ተማሪዎቹ የት ይተኛሉ?»

«እዚያ አይተኮስም።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

አሰበና፣ «ታዲያ እኛ ለምን እዚህ ነን?» አለኝ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልምጣ። በቀጠሯችን ሳምንት መንገድ ተዘግቶ ነበር ብዬ ልጽፍልህ ነበር፣ ታምነኝም ነበር። ግን መንገዱ ክፍት ነበር። ደመቀም ስልኬን ይዞ ደብረ ታቦር ደርሶ የተመለሰው በዚያው ሳምንት መጨረሻ፣ ከተኩሱ በፊት ነው። ሻንጣችን ታስሮ በር አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ አውቶቡሱ ጡሩንባውን ሲነፋ ሰምቻለሁ። ለመነሣት ተነሣሁ፤ እግሬ ግን ወደ መናኸሪያ አልሄደም፣ ወደ ደብሩ ሄደ። ልጆቹ ተሰብስበው ይጠብቁኝ ነበር። ማህሌት ሰሌዳውን አጥርታ ጠመኔውን አቀበለችኝ። ተቀበልኋት። ሌላ የምለው ምክንያት የለኝም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። በዚያ ምዕራፍ ስለ ካስፓር ሚስት ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ባለቤቱ ከልጆቻቸው ጋር በከተማ ቀረች» ይላል፣ ያልፋል። ስሟ ማን ነበር? ተጣልተው ነው ወይስ ተዋደው ነው የተለያዩት? ይጻጻፉ ነበር? እሱ በረዶ ሲዘጋበት እሷ ምን ትል ነበር? አንተ የመዝገብ ቤቱን ወረቀት ሁሉ ስታገላብጥ አንድ ቀን እንኳ አላሳሰበችህም? እኔን እሷ ናት እንቅልፍ የምትነሣኝ። እሱ የመረጠውን መረጠ። ልጆቹን የያዘቻቸው እሷ ናት።

እናትህ መቼ ይመጣል ብለው መጠየቅ ካቆሙ ቆይተዋል። ለምን እንዳቆሙ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ሰውነት፣ ይህን ደብዳቤ በእጁ የሚሰጥህ ናትናኤል ነው።

ወንድሜ እንየው ከወገዳ ጤና ጣቢያ ፈቃድ ወስዶ መጥቷል። ባለፈው ባሕር ዳር ወርዶ ለኤምባሲው ደውሎ የልጁን ቀጠሮ አሳድሶልኛል። የእኔን አላሳደሰም፤ እኔ ነኝ ተው ያልሁት። ነገ ጠዋት ይዞት ይሄዳል፣ አዲስ አበባ ሲደርሱም ይደውልልሃል። አውሮፕላኑ ላይ ልጆችን ከእጅ ወደ እጅ የሚያስረክቡ ሠራተኞች አሉ ብሎኛል። አንተ በር ላይ ቁም። ቀድመህ ቁም፣ እሱ እንዳይፈልግህ።

መልኩ ተለውጦብህ ብትደናገር እንኳ እንዳያውቅብህ። ረጅም መሆኑን ስትነግረው ደስ ይለዋል። ሲርበው አይናገርም፣ ዝም ሲል ነው የራበው። ሲተኛ መብራቱን አታጥፋበት፤ ከየካቲት ወዲህ ነው። በር ድንገት ሲዘጋ ይደነግጣል፣ እንዳላየህ እለፈው። አማርኛ እንዲጽፍ አድርገው፣ ትንሽም ቢሆን በየሳምንቱ። ለእኔ ይጻፍ። እናቴ ለምን ቀረች ብሎ ከተቆጣ ይቆጣ፣ አትከልክለው፣ ስለ እኔም አትሟገትለት። ሲያድግ ካስፈለገው እኔው እሟገትለታለሁ።

የፊዚክሱ መጽሐፍ ገና ግማሽ ይቀራል። ፈተናው ሰኔ ላይ ነው። ከማህሌት ኋላ ያሉት ደግሞ የሚመጣው ዓመት ናቸው፣ ከእነሱም ኋላ አሉ። ናትናኤል፣ «መቼ ትመጪያለሽ?» ብሎ ሲይዘኝ፣ ፈተናው ሲያልቅ ብዬዋለሁ።

አንተም እንደዚያው በለው።

እናትህ፣ የቤተ ልሔሟ እመቤት ከልጅህ ጋር ታግባህ፣ እሱንም ለአንተ አንተንም ለእሱ ታቆይ ይሉሃል። እኔም የሄድህበት ሥራ ይቅናህ፣ ጤና አይለይህ፣ እጅህ የያዘውን ልጅ አይልቀቅ እላለሁ።

ሀና